የመዳብ ኔትወርክ ኬብል ቴስተር አመራረጥ፦ ለየትኛው ሥራ የትኛው መሣሪያ ይበቃል?

ኬብሉ ተዘርግቷል፣ ሁለቱም ጫፍ ክሪምፕ ተደርጓል (ማያያዣ ተጨምቆበታል)፣ ቴስተሩ ላይ ከ1 እስከ 8 ያሉት መብራቶች በየተራ አረንጓዴ በርተዋል። ኮምፒውተሩ ሲሰካ ግን መስመሩ ከ100 ሜጋቢት አያልፍም፤ ወይም ጊጋቢት ብሎ ይነሳና ትልቅ ፋይል ሲተላለፍ ይቆራረጣል። ቴስተሩ አልዋሸም። የተጠየቀው "ስምንቱ ሽቦዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ይገናኛሉ?" የሚል ነበር፣ እሱም "አዎ" አለ። ከዚያ ውጭ የሚለካበት ነገር ውስጡ የለም።

የቴስተር ምርጫ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰው ዋጋና ስክሪን አወዳድሮ ይገዛል፤ መሣሪያው ምን እንደማይለካ የሚያውቀው ግን ደንበኛ ቅሬታ ይዞ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ቅደም ተከተል ከጥያቄው ተነስቶ ወደ መሣሪያው ይሄዳል።

ደረጃ 1፦ መመለስ ያለበትን ጥያቄ ይለዩ

የመዳብ ኬብል ቴስተሮች በሦስት ጎራ ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ቬሪፊኬሽን ቴስተር ነው፤ "ሽቦው በትክክል ተያይዟል?" ለሚለው ይመልሳል። ሁለተኛው ኳሊፊኬሽን ቴስተር ሲሆን "ይህ መስመር 1 ጊጋ፣ 2.5 ጊጋ ወይም 10 ጊጋ ይሸከማል?" ለሚለው ነው። ሦስተኛው ሰርቲፊኬሽን ቴስተር፣ በባለሙያው አፍ ሰርቲፋየር፣ "መስመሩ የካት 6ን ወይም የካት 6ኤን (ካት ማለት ካቴጎሪ፣ የኬብል ደረጃ ነው) መስፈርት በእያንዳንዱ ልኬት ያሟላል?" የሚለውን ይመልሳል። የላይኛው የታችኛውን ሥራ ይሠራል፤ የታችኛው ግን የላይኛውን መተካት አይችልም።

ካታሎግ ከመክፈትዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ።

ሀ. ውሉን ወይም የሥራ ዝርዝሩን ያንብቡ። "ሰርቲፋይ ተደርጎ ውጤቱ ይቅረብ" የሚል፣ ወይም ቲአይኤ-568ን ወይም አይኤስኦ/አይኢሲ 11801ን (የኬብል ዝርጋታ መስፈርቶችን) የሚጠቅስ አንቀጽ ካለ ምርጫው እዚያው አልቋል፤ ሰርቲፋየር ያስፈልጋል። የኬብሉ አምራች የሚሰጠው የረጅም ዓመት ዋስትናም እንዲሁ ነው። አብዛኞቹ አምራቾች የሚቀበሉት የሰርቲፋየር ውጤት ብቻ ነው፣ ያውም እነሱ ባጸደቁት ሞዴልና የሶፍትዌር ስሪት የተለካ።

ለ. ኬብሉ አዲስ ነው ወይስ ግድግዳ ውስጥ ለዓመታት የኖረ? አዲስ ሥራ ርክክብ አለው። አሮጌ መስመር ላይ ግን ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ "አዲሱን ስዊች ይችለዋል ወይስ ይቀየር?" የሚል ነው፤ ለዚያ ሰርቲፋየር መከራየት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም።

ሐ. ጫፉ ላይ የሚሰካው ምንድን ነው? ካሜራ፣ የገመድ አልባ አክሰስ ፖይንት ወይም ስልክ ከሆነ ኬብሉ ዳታ ብቻ ሳይሆን ኤሌክትሪክም ይሸከማል። ያኔ የሽቦው ሬዚስታንስ ከፍጥነቱ ባላነሰ ያሳስባል።

ደረጃ 2፦ ለዕለት ሥራ የሚሆን ቬሪፊኬሽን ቴስተር

ኬብል የሚጎትት ሰው ሁሉ ኪሱ ውስጥ ሊኖረው የሚገባው ይህ ነው። በዚህ ጎራ ውስጥ ያለው የአቅም ልዩነት ግን ከሌሎቹ ሁሉ የሰፋ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ባለ መብራቱ ቴስተር በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ በተራ ትንሽ ዲሲ ይልካል፤ ሌላው ጫፍ ላይ ያለው ቁራጭ የደረሰውን ያበራል። የተቆረጠ ሽቦ፣ ሾርት፣ ቦታ የተለዋወጠ ሽቦ ያሳያል። የማያሳየው ዝርዝር ይበልጣል፦ ስፕሊት ፔር፣ ርዝመት፣ ብልሽቱ ያለበት ቦታ፣ የሽቦው የብረት ዓይነት።

ስፕሊት ፔርን በቅርበት እንየው። አንድ ሰው ቀለሞቹን በመልካቸው አሰልፎ ሁለቱንም ጫፍ እንዲህ አሰራቸው እንበል፦ 1 ነጭ-ብርቱካናማ፣ 2 ብርቱካናማ፣ 3 ነጭ-አረንጓዴ፣ 4 አረንጓዴ፣ 5 ነጭ-ሰማያዊ፣ 6 ሰማያዊ፣ 7 ነጭ-ቡናማ፣ 8 ቡናማ። ለዓይን ያማረ ነው፤ 1 ከ1፣ 8 ከ8 ጋር ይገናኛል፣ መብራቱም በሙሉ ይበራል። ኢተርኔት ግን ጥንዶቹን የሚጠቀመው 1-2፣ 3-6፣ 4-5 እና 7-8 እያለ ነው። በዚህ አሠራር ፒን 3 ላይ ነጭ-አረንጓዴ፣ ፒን 6 ላይ ሰማያዊ ገብቷል። እነዚህ ሁለት ሽቦዎች ኬብሉ ውስጥ እርስ በርስ አልተጠመዘዙም። ጥምዘዛው ደግሞ የተሠራው በሁለቱ ሽቦዎች ላይ እኩል የሚያርፈው ጫጫታ እንዲጣፋ ነው። ጥምዘዛው ከሌለ የአንዱ ጥንድ ምልክት ወደ ሌላው ይፈስሳል፤ መስመሩ በ2 ሜትር ላይ ሊሠራ፣ በ40 ሜትር ላይ ግን ሊንገዳገድ ይችላል። በተለመደው የሽቦ አሰላለፍ ደንብ በቲ568ቢ ትክክለኛው አሰላለፍ 3 ነጭ-አረንጓዴ፣ 4 ሰማያዊ፣ 5 ነጭ-ሰማያዊ፣ 6 አረንጓዴ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው የግዢ መስፈርት ስፕሊት ፔር መለየቱ ይሁን። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አይመኑ፤ ይሞክሩት። ወደ 10 ሜትር የሚሆን ኬብል ወስደው ሁለቱንም ጫፍ ከላይ በተገለጸው የተሳሳተ አሰላለፍ ክሪምፕ ያድርጉና ይዘው ይሂዱ። በጣም አጭር ኬብል ለዚህ ሙከራ አይሆንም፤ ጥሩ መሣሪያም ቢሆን በ1 ሜትር ላይ ስፕሊቱ ሊያመልጠው ይችላል። መሣሪያው "ሁሉም ደህና" ካለ ይመልሱት።

ሁለተኛው መስፈርት የርዝመት አለካክ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በካፓሲታንስ ይለካል፦ የጥንዱን ካፓሲታንስ አንብቦ ለአንድ ሜትር ባለው ካፓሲታንስ ያካፍላል። ርካሽ ነው፣ የተቆረጠ ሽቦ ርዝመትንም በግምት ይሰጣል፤ ሾርት የሆነ ጥንድ ላይ ግን አይሠራም። ሌላው ቲዲአር ነው፦ ምት ይልክና ማሚቶው እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። ክፍት ጫፍ ምቱን እንዳለ፣ ሾርት ደግሞ ገልብጦ ስለሚመልሰው ቲዲአር ሁለቱንም ከነርቀታቸው ይለያል። ብልሽት የማደን ሥራ ያለበት ሰው ቲዲአር የሌለው መሣሪያ እንዳይገዛ እንመክራለን።

የቲዲአር ንባብ እንዲህ ይተረጎማል። ሦስቱ ጥንዶች 32 ሜትር፣ 4-5 ደግሞ 32 ሜትር ላይ ክፍት ካለ፣ ብልሽቱ ያለው በወዲያኛው ጫፍ ማያያዣ ላይ ነው፤ ሄደው ጃኩን ይፍቱና እንደገና ይሰሩት። ሦስቱ 32 ሜትር ሆነው 4-5 በ14 ሜትር ላይ ክፍት ከሆነ ግን ጃክ ቢቀያይሩ አይፈታም፤ 14 ሜትር ላይ ምስማር ወይም ስለታም የብረት ጠርዝ ይፈልጉ። አራቱም በ14 ሜትር ላይ ካቆሙ ኬብሉ ተቆርጧል፣ ወይም ማንም ያልመዘገበው ማያያዣ እዚያ አለ። ጥንዶቹ በ1 ወይም በ2 ሜትር ቢለያዩ አይደንግጡ፤ የየጥንዱ ጥምዘዛ መጠን ስለሚለያይ የሽቦው ርዝመትም ይለያያል።

ቲዲአር ርዝመት የሚያሰላው ምልክቱ በኬብሉ ውስጥ በሚሄድበት ፍጥነት ነው። ይህ ኤንቪፒ ይባላል፣ ከብርሃን ፍጥነት በመቶኛ ይገለጻል፤ ለተለመደ ዩቲፒ (የብረት ሽፋን የሌለው ኬብል) ወደ 69 በመቶ ነው። የኬብሉ እውነተኛ ኤንቪፒ 72 ሆኖ መሣሪያው በ69 ቢቀመጥ 90 ሜትሩ 86 ሜትር ተብሎ ይነበባል። ለማስተካከል፦

1. ከዚያው ካርቶን ከ15 ሜትር የማያንስ ኬብል ይቁረጡና በሜትር በትክክል ይለኩት። ሽፋኑ ላይ የታተመው የሜትር ቁጥር ቢኖርም በሜትር ማረጋገጡ አይከፋም።
2. ጫፉን ክፍት ትተው ከቴስተሩ ጋር ያገናኙ።
3. የሚነበበው ቁጥር ከለኩት ጋር እስኪገጥም ኤንቪፒውን ከፍና ዝቅ ያድርጉ።
4. ቁጥሩን ካርቶኑ ላይ ይጻፉት። ሌላ ዓይነት ኬብል ሲመጣ እንደገና ይለኩ።

ኬብል ለመፈለግ የሚያገለግለው ድምፅ መላኪያም፣ ቶነር የሚባለው፣ እዚሁ ጎራ ውስጥ ነው። አናሎግ ቶነር ለብቻው ለተንጠለጠለ ኬብል ጥሩ ነው፤ ስዊች ላይ የተሰካ መስመር ግን ድምፁን ይውጠዋል፣ በታሰረ ጥቅል ውስጥም ወደ ጎረቤት ኬብሎች ይጋባል። ድምፁ ከደከመ አንዱን ክሊፕ ከአንድ ጥንድ፣ ሌላውን ከሌላ ጥንድ ሽቦ ጋር ያያይዙ፤ በአንድ ጥንድ ውስጥ ሲሆን ጥምዘዛው ድምፁን ያፍነዋል። በሥራ ላይ ያለ ኔትወርክ ውስጥ ኬብል የሚፈልግ ሰው ዲጂታል ቶነር ይያዝ።

ማንኛውንም ቬሪፊኬሽን ቴስተር ከመሰካትዎ በፊት መስመሩ ከስዊች መነቀሉን ያረጋግጡ። በፒኦኢ (ኤሌክትሪክ በዳታው ኬብል በሚላክበት) መስመር ላይ 48 ቮልት አካባቢ ሊኖር ይችላል። ደንቡን የተከተለ ስዊች መሣሪያውን ሳይለይ ኃይል አይለቅም፤ ፓሲቭ ፒኦኢ የሚባለው ግን ሳይጠይቅ 24 ወይም 48 ቮልት ስለሚያፈስ ርካሽ ቴስተርን በአንድ ጊዜ ያቃጥላል።

ደረጃ 3፦ መልቲሜትር የሚሞላው ክፍተት

ገበያው ላይ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም፣ በአጭሩ ሲሲኤ የሚባል ኬብል አለ። ሽፋኑ ላይ ካት 6 ተብሎ ይታተማል፣ ዋየርማፑ (የሽቦዎቹ ግንኙነት ፍተሻ) ያልፋል፣ ርዝመቱ ልክ ነው። የካቴጎሪ መስፈርቶች ግን ሙሉ መዳብ ነው የሚጠይቁት። የሲሲኤ ሬዚስታንስ ከመዳብ በ1.5 እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ ፒኦኢ ሲጫንበት ኬብሉ ይሞቃል፣ ጫፍ ላይ ያለው ካሜራም ማታ ኢንፍራሬዱ ሲበራ ይጠፋል።

ይህን ለመያዝ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፦

1. በአንዱ ጫፍ የአንድን ጥንድ ሁለት ሽቦዎች ልጠው አጥብቀው ያገናኙ።
2. መልቲሜትሩን በ200 ኦም መደብ ላይ አድርገው ሁለቱን መርፌዎች ያነካኩና የገመዶቹን ሬዚስታንስ ይመዝግቡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.5 ኦም ነው።
3. በሌላው ጫፍ ጥንዱን ይለኩና ያንን ይቀንሱ።
4. ለ100 ሜትር ወደ 17 ኦም ካገኙ ባለ 24 ኤደብሊውጂ (የሽቦ ውፍረት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል) መዳብ ነው፤ ወደ 13 ኦም ካገኙ ባለ 23 ነው። ለባለ 24 ወደ 26፣ ለባለ 23 ወደ 20 ኦም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ኬብሉ ሲሲኤ ነው፣ ወይም ሽቦው ከተባለው በጣም የቀጠነ ነው። ለ50 ሜትር ቁጥሮቹን ለሁለት ያካፍሉ።

ሙሉ ካርቶን ከመጎተት በፊት ይህ 5 ደቂቃ አይፈጅም። መስፈርቱ ለሙሉ ቻናል (ለመላው መስመር ከነመገናኛ ገመዶቹ) የሚፈቅደው የሉፕ (የደርሶ መልስ) ሬዚስታንስ 25 ኦም ስለሆነ 100 ሜትር ባለ 24 ሲሲኤ በዚህ ብቻ ይወድቃል።

ደረጃ 4፦ ኳሊፊኬሽን ቴስተር የሚያዋጣበት ቦታ

ይህ ጎራ የሚጠቅመው በዋናነት ያለውን መስመር ለሚያሻሽል ሰው ነው። 2.5ጂቤዝ-ቲ እና 5ጂቤዝ-ቲ (የ2.5 እና የ5 ጊጋ ኢተርኔት) እ.ኤ.አ. በ2016 በ802.3ቢዜድ መስፈርት ሲጸድቁ የታሰበው አሮጌው ካት 5ኢ እና ካት 6 ሳይነቀል እንዲያገለግል ነበር። 10 ጊጋ ደግሞ በካት 6 ላይ ቢበዛ እስከ 55 ሜትር፣ በካት 6ኤ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሕንፃ ውስጥ የቱ መስመር እንደሚቀየርና የቱ እንደሚቆይ የሚለየው ኳሊፊኬሽን ቴስተር ነው። የፍሉክ ኔትዎርክስ ሊንክአይኪውና የትሬንድ ኔትዎርክስ ሲግናልቴክ ከሚታወቁት መካከል ናቸው።

አንዳንዶቹ በእውነተኛ ዳታ ይጭኑና ስህተቱን ይቆጥራሉ፤ አንዳንዶቹ ምልክቱን በተለያየ ፍሪክወንሲ ይለካሉ። ዘዴው ስለሚለያይ ከሁለት አምራች የመጣ "ያልፋል" አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል። ሲገዙ የሚጣራው፦ የሚያረጋግጠው ከፍተኛ ፍጥነት፣ ስዊች ላይ ተሰክቶ የፖርቱን ስምና ቪላን (ፖርቱ የተመደበበትን የኔትወርክ ክፍል) ማንበቡ፣ ፒኦኢን መለካቱ፣ ውጤት በፋይል ማስቀመጡ። የወደቀበትን ምክንያት ከነርቀቱ የማይነግር ከሆነ ግን ያስቡበት፤ "10 ጊጋ አይሸከምም" ብሎ ዝም የሚል መሣሪያ ለጥገና ብዙ አይረዳም።

ይህን ውጤት ለርክክብ አያቅርቡ። ሰርቲፊኬሽን የሚጠይቅ ውል ላይ ኳሊፊኬሽን ሪፖርት ማስገባት ሥራውን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው።

ደረጃ 5፦ ሰርቲፋየር ሲመረጥ

ሰርቲፋየር ከሁለቱም ጫፍ ይለካል፤ የሩቁ ክፍል እንደ ትንንሾቹ ቴስተሮች መጨረሻ ላይ የሚሰካ ቁራጭ ሳይሆን ራሱ መለኪያ ነው። እያንዳንዱን ጥንድ ከዝቅተኛ ፍሪክወንሲ እስከ ካቴጎሪው ጣሪያ ይጠርጋል፦ ካት 5ኢ 100 ሜጋኸርዝ፣ ካት 6 250፣ ካት 6ኤ 500፣ ካት 8 2000። የሚለካው ብዙ ነው፤ በሥራ ላይ የሚያጋጥሙት ውድቀቶች ግን በአብዛኛው ከሦስቱ አንዱ ናቸው፦ ኔክስት፣ ይህም ምልክት በቅርቡ ጫፍ ከጥንድ ወደ ጥንድ መፍሰሱ፤ ሪተርን ሎስ፣ ምልክቱ መንገድ ላይ ተንጸባርቆ መመለሱ፤ ኢንሰርሽን ሎስ፣ ምልክቱ እየሄደ መድከሙ።

መጀመሪያ የትክክለኛነት ደረጃውን ይመልከቱ። በቲአይኤ-1152-ኤ መሠረት ለካት 5ኢ ቢያንስ ሌቭል 2ኢ፣ ለካት 6 ሌቭል 3፣ ለካት 6ኤ ሌቭል 3ኢ፣ ለካት 8 ሌቭል 2ጂ ያስፈልጋል። ካት 8 የማይሠራ ድርጅት እስከ 2000 ሜጋኸርዝ ለሚለካ መሣሪያ መክፈሉ በእኛ ግምት ትርፍ ነው፤ ካት 8 በ30 ሜትር ቻናል የተወሰነ፣ ለዳታ ሴንተር የታሰበ ነው። ለቢሮ ሕንፃ እስከ 500 ሜጋኸርዝ የሚለካ ይበቃል።

ቀጥሎ አዳፕተሩ። ሰው ገንዘቡን ዋናው አካል ላይ ጨርሶ አዳፕተሩን ይረሳል፤ ልኬቱ ትክክል የሚሆነው ግን በአዳፕተሩ ነው።

ፐርማነንት ሊንክ ከፓች ፓናል (ራክ ላይ ኬብሎቹ ከሚያልቁበት ሰሌዳ) እስከ ግድግዳው ሶኬት ያለው ቋሚ መስመር ሲሆን ጣሪያው 90 ሜትር ነው። የሚለካው በፐርማነንት ሊንክ አዳፕተር ሲሆን የአዳፕተሩ ገመድ ተጽዕኖ ከውጤቱ ይወጣል። ለአዲስ ሥራ ርክክብ የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

ቻናል ፓች ኮርዶቹን (በሁለቱ ጫፍ መሣሪያ የሚያገናኙትን አጭር ገመዶች) ጨምሮ 100 ሜትር ነው። የሚለካው እዚያው በሚቀሩት ፓች ኮርዶች ነው። ለክተው ኮርዱን ነቅለው ከሄዱ የለኩት ቻናል ከዚያ በኋላ የለም።

ካሜራ ጣሪያ ላይ ሲሰቀል ኬብሉ ሶኬት ሳይኖረው በቀጥታ በፕለግ ያልቃል። ይህ ኤምፒቲኤል ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በቲአይኤ-568.2-ዲ ውስጥ ገብቷል። በአንድ ጫፍ ፐርማነንት ሊንክ አዳፕተር፣ በፕለጉ ጫፍ ፓች ኮርድ አዳፕተር ይፈልጋል። በቻናል አዳፕተር ቢለካ የመጨረሻው ፕለግ ከልኬቱ ይዘለላል፤ በሥራው ቦታ በእጅ የተሰራው፣ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም ያ ፕለግ ነው።

በጣም የተለመደው የአጠቃቀም ስህተት ቻናል አዳፕተር ላይ ከኪስ የወጣ አሮጌ ፓች ኮርድ ሰክቶ ፐርማነንት ሊንክ "መለካት" ነው። መስመሩ ደህና ሆኖ በኮርዱ ምክንያት ይወድቃል፤ ወይም ገደቡ የላላ ስለሆነ መውደቅ ያለበት ያልፋል።

ልኬቱ በዚህ ቅደም ተከተል ይሠራል፦

1. ዋናውንና የሩቁን ክፍል ሙሉ ቻርጅ ያድርጉ፤ ባትሪ የደከመ ክፍል ልኬት መሃል ላይ ይቋረጣል።
2. ሁለቱን ክፍሎች አገናኝተው ሪፈረንስ (የመነሻ ልኬት) ያዘጋጁ። በየ30 ቀኑ፣ እንዲሁም ሌላ የሩቅ ክፍል ሲጠቀሙ ይደገማል።
3. ትክክለኛውን ገደብ ይምረጡ፦ መስፈርት፣ ካቴጎሪ፣ ፐርማነንት ሊንክ ወይም ቻናል። ካት 6 ኬብል ላይ የካት 6ኤ ገደብ ከተመረጠ ሕንፃው ሙሉ ቀይ ይሆናል።
4. የኬብሉን ዓይነት ይምረጡ፤ ኤንቪፒውና ሺልዱ (የብረት ሽፋኑ) ከዚያ ይመጣሉ።
5. የመስመር ስሞቹን አስቀድመው ከፓች ፓናሉ መለያ ጋር አንድ አድርገው ያስገቡ። በኋላ "ሙከራ 1፣ ሙከራ 2" የሚል ፋይል መፍታት ከመለካቱ ይብሳል።
6. የመጀመሪያዎቹን 5 ወይም 10 መስመሮች ለክተው ቆም ይበሉ። ሁሉም በአንድ ነገር ከወደቁ ችግሩ ከገደቡ፣ ከአዳፕተሩ ወይም ከአንድ ሠራተኛ የእጅ አሠራር ነው፤ 200 እስኪሞላ አይቀጥሉ።

ሲወድቅ ምን ይደረጋል? ኔክስት ከወደቀ ውጤቱ በየትኛው ጫፍ እንደከፋ ይመልከቱና ወደዚያ ይሂዱ። ሰርቲፋየሩ ፍሰቱን በርቀት የሚያሳይ ግራፍ ካለው፣ ጉብታው 0 ላይ ወይም መጨረሻው ላይ ከሆነ ማያያዣው ነው፤ ጥንዱ ከ13 ሚሊሜትር በላይ ተፈቷል ማለት ነው። ጉብታው ኬብሉ ላይ በሙሉ ከተበተነ ኬብሉ ራሱ ከካቴጎሪው በታች ነው። ሪተርን ሎስ መሃል ላይ ከወደቀ የተጨመቀ፣ የተሰበረ ወይም ውሃ የገባበት ቦታ አለ፤ ዩቲፒ ከውፍረቱ 4 እጥፍ በታች በሆነ ራዲየስ መታጠፍ የለበትም። በሁሉም መስመር ላይ መጀመሪያዎቹ ሴንቲሜትሮች ላይ ብቻ ከወደቀ ኬብሉን ትተው አዳፕተሩን ይጠርጥሩ፤ የሚያልቅ ዕቃ ነው። ኢንሰርሽን ሎስ ከወደቀ አብዛኛውን ጊዜ ኬብሉ ረዝሟል፤ ሙቀትም ሎሱን ስለሚጨምረው በጋለ ጣሪያ ሥር ያለ 88 ሜትር መስመር ጠባብ ሊሆን ይችላል።

ከውጤቱ ጎን የኮከብ ምልክት ካለ ልኬቱ ለገደቡ ከመሣሪያው ስህተት በማይበልጥ ርቀት ቀርቧል ማለት ነው። ኮከብ ያለበት "አለፈ" ቢያልፍም ማያያዣውን እንደገና መሥራት ይሻላል፤ ኮከብ ያለበትን "ወደቀ" ግን እንደ ወደቀ ይያዙት።

ሺልድ ያለው ኬብል ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሁለቱም ጫፍ መሬት ወደተያያዘበት ራክ ከገባ ሺልዱ መሃል ላይ ቢቆረጥም ዲሲ በሕንፃው ብረት በኩል ዞሮ ይደርሳል፣ ተራ ቴስተርም "ሺልድ አለ" ይላል። ሺልዱ በኬብሉ ውስጥ መቀጠሉን ለይቶ የሚያይ ሰርቲፋየር ይጠይቁ።

ደረጃ 6፦ ፒኦኢ ከኬብሉ ጋር ሲመጣ

ከፒኦኢ መስፈርቶች እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው 802.3ኤኤፍ ከስዊቹ 15.4 ዋት፣ የ2009ኙ 802.3ኤቲ 30 ዋት፣ የ2018ቱ 802.3ቢቲ 60 እና 90 ዋት ይሰጣል። ከ802.3ቢቲ 90 ዋት ውስጥ 100 ሜትር ላይ ለመሣሪያው እንደሚደርስ የሚረጋገጠው 71.3 ዋት ነው። ቮልት ብቻ የሚያሳይ ቴስተር እዚህ ላይ ያታልላል፤ ጭነት ሳይኖር መጥፎ መስመርም ሙሉ ቮልት ያሳያል። እንደ ካሜራ ሆኖ ክላሱን (የኃይል መደቡን) የሚጠይቅና ዋቱን በእርግጥ የሚስብ መሣሪያ ይምረጡ።

በሰርቲፋየር በኩል ደግሞ የሬዚስታንስ አለመመጣጠን የሚለካ ይሁን። በአንድ ጥንድ ሁለት ሽቦዎች መካከል ያለው ልዩነት ከ3 በመቶ መብለጥ የለበትም። ልዩነቱ ሲበዛ ጅረቱ እኩል ሳይከፈል የስዊቹን ትራንስፎርመር ያጠግባል፤ ዳታው መበላሸት የሚጀምረው ፒኦኢ ሲጫን ብቻ ስለሆነ ኮምፒውተር ሰክቶ መፈተሽ አያወጣውም። ምንጩ በአብዛኛው ፓንች (ሽቦው ማያያዣው ውስጥ የሚገፋበት ቦታ) ላይ በደንብ ያልነከሰ ሽቦ ነው።

ደረጃ 7፦ ከመክፈል በፊት

ብዙ ጊዜ ሰርቲፋይ የማያደርግ ድርጅት ሰርቲፋየር ቢከራይ ይሻለዋል። ሲከራዩ የካሊብሬሽን ወረቀቱን ቀን ይዩ፤ የፋብሪካ ካሊብሬሽን በዓመት አንዴ ነው፣ ቀኑ ያለፈበት መሣሪያ የሰጠውን ውጤት ደንበኛው ላለመቀበል መብት አለው። የአዳፕተሮቹን ፒኖችም በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ፤ የታጠፈ ወይም ወርቁ የተላጠ ካለ እንዲቀየር ይጠይቁ።

ሲገዙ ደግሞ አዳፕተር ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ፣ ሶፍትዌሩ ክፍያ በየዓመቱ ይጠይቅ እንደሆነ፣ ውጤቱ በዋናው ፋይል ዓይነት ይወጣ እንደሆነ ያረጋግጡ። ፒዲኤፍ ብቻ የሚያወጣ አይበቃም፤ ፒዲኤፍ ሊስተካከል ስለሚችል የዋስትና ክፍሎች ዋናውን ፋይል ይጠይቃሉ።

ለቬሪፊኬሽን ቴስተር ተጨማሪ ባለ ቁጥር የሩቅ መለያዎች ይግዙ። አንዱ ብቻ ሲኖር ለእያንዳንዱ ሶኬት ከራክ ክፍሉ መመላለስ ነው፤ 6 ወይም 8 ሲሆኑ በአንድ ዙር አንድ ክፍል ያልቃል።

በመጨረሻም ሁለት ኬብሎች ሠርተው ከቴስተሩ ቦርሳ ጋር ያኑሩ፦ አንዱ 10 ሜትር ትክክለኛ፣ አንዱ 10 ሜትር ስፕሊት ፔር ያለበት፣ በቀይ ቴፕ የታሰረ። ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱንም ይለኩ። ትክክለኛው ካላለፈ ወይም ቀዩ ካለፈ ባትሪውን፣ ሶኬቱንና አዳፕተሩን አይተው ይደግሙት፤ አሁንም ካልተስተካከለ ያ ቴስተር ወደ ጥገና ይሂድ።